በሜዳ የወደቀ ልጅ እና የቀዶ ሕክምናው ሮቦት

በኩታበርና በዙሪያዋ፣ በቦረናና በመካነ ሰላም፣ በለጋምቦ፣ በወግዲ፣ በአማራ ሳይንት፣ በተንታ ያላችሁ ሁሉ፣ እጃችሁ ሥራ ላይ ቢሆንም ጆሮአችሁን ለጥቂት ደቂቃ አውሱኝ።

ዛሬ ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ሩቅ ይመስላል፤ በሮቦት የታገዘ ቀዶ ሕክምና። ሁለተኛው ደጃችን ያለ ነው፤ በኳስ ሜዳ፣ በሩጫ ወይም በጥምቀት ጉግስ ላይ ሰው ሲወድቅ የሚሰጥ እርዳታ። አንድ ላይ ያመጣኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ሃያ ዓመታት በሁለቱም ላይ የተሠሩት ጥናቶች ተለያይተው ቢጀምሩም የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ሰው የሚተርፈው አስቀድሞ በሠለጠነ እጅና በሰዓቱ በመድረስ ነው፤ መሣሪያው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ከሮቦቱ እንጀምር። «ሮቦት ኦፕሬሽን ይሠራል አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ሮቦቱ ራሱ አስቦ የሚቆርጠው ነገር የለም። በሽተኛው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይተኛል፤ ሆዱ ላይ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በእነሱ በኩል ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ የያዙ የብረት ክንዶች ይገባሉ። ዋናው ሐኪም አልጋው አጠገብ አይቆምም። እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ዐይኑን መመልከቻው ላይ ተክሎ፣ ጣቶቹን መቆጣጠሪያው ውስጥ ያስገባል። እሱ እጁን ብዙ ሲያንቀሳቅስ ሆድ ውስጥ ያለው ጫፍ ጥቂት ብቻ ይሄዳል፤ የእጁ መንቀጥቀጥም ተጣርቶ ይቀራል። አልጋው አጠገብ ደግሞ ረዳት ሐኪም፣ ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከሮቦቱ ጀርባ የተሟላ የሰው ቡድን አለ።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ዳ ቪንቺ የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዓመቱ በመስከረም ወር ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ኒውዮርክ ተቀምጠው፣ ውቅያኖስ ማዶ ስትራስቡርግ ውስጥ የተኛች ሴትን ሐሞት ከረጢት ዜውስ በሚባል ሮቦት አወጡ። በ2025 ደግሞ አሜሪካ ፍሎሪዳ ያለ ሐኪም አንጎላ ውስጥ ለተኛ በሽተኛ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አደረገ። ይህን የሰማ የመካነ ሰላም ሰው «እንግዲያውስ ለእኛም ይድረሰን» ቢል አይፈረድበትም። ደሴ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ለሚጓዝ ሕዝብ፣ ሐኪሙ ባለበት ሆኖ እጁ እዚህ ቢመጣ እንዴት ያለ ነገር ነበር!

ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ በሮቦት የታከመው ሰው ከሌላው ይበልጥ ይድናል ወይ? ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች የሚያደርጉትን ዕቁብ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕጣ ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ማን በሮቦት ማን በሌላው መንገድ እንደሚታከም በዕጣ ይለያል። ሐኪሙ ቀለል ያለውን በሽተኛ ለሚወደው መሣሪያ እንዳይመርጥ፣ ሀብታሙ ወደ አንዱ፣ ድኃው ወደ ሌላው እንዳይሄድ ነው። ከዚያ ለወራት፣ ለዓመታት ይከታተሏቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በአሥር አገሮች 471 የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ሕሙማንን እንዲህ በዕጣ ለየ። ግማሹ በሮቦት፣ ግማሹ በተለመደው ላፓሮስኮፒ ታከመ፤ ላፓሮስኮፒ ማለት ሐኪሙ ራሱ ረጃጅም መሣሪያ ይዞ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራበት ነው። በመሃል ሥራው አልሄድ ብሎ ሆድ ሙሉ በሙሉ መከፈት ያስፈለገው በሮቦት 8.1 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ለሮቦቱ የሚያደላ ይመስላል፤ በስሌት ሲመዘን ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። በእንግሊዝ የሽንት ፊኛ ካንሰር በያዛቸው 338 ሰዎች ላይ የተሠራውና በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ሰዎቹ ከሆስፒታል ውጭ በሕይወት ያሳለፉትን ቀን ቆጠረ። በሮቦት የታከሙት 82 ቀን፣ ሆዳቸው ተከፍቶ የታከሙት 80 ቀን ሆነ። ሁለት ቀን ትርፍ ነው፤ የቁስልና የደም መርጋት ችግርም በሮቦቱ በኩል አንሷል። ይህ ለታካሚው ቁም ነገር ነው፤ ለሆስፒታሉ ግን ዋጋው እጅግ ከባድ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ሐኪሞችን ያስደነገጠው የማኅፀን በር ካንሰር ጥናት ነው። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶችን በማጥቃት ሁለተኛውን ቦታ የያዘ ስለሆነ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ጥናት 631 ሴቶችን ይዟል። አንዱ ወገን ሆዱ ተከፍቶ፣ ሌላው በትንሽ ቀዳዳ ታከመ፤ ከሁለተኛው ወገን አብዛኞቹ በላፓሮስኮፒ፣ ጥቂቶቹ በሮቦት ነበር። ሁሉም ሰው በትንሽ ቀዳዳ የተሠራው ቢያንስ እኩል ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት 99 በመቶ በሕይወት ነበሩ፤ በትንሽ ቀዳዳ ከታከሙት 93.8 በመቶ። ጥናቱም ከታሰበው ጊዜ አስቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ለዓመታት «ዘመናዊው ይሻላል» ተብሎ ሲሠራበት የቆየ ነገር በዕጣ ሲፈተን እናቶችን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። ከየትኛውም ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ በጤና ጣቢያ ጠይቁ።

እኔ ሮቦት አይምጣ የምል ሰው አይደለሁም። ይምጣ። ግን ከምን በኋላ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከዓለም ሕዝብ አምስት ቢሊዮኑ አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ገለጸ። መለኪያም አስቀመጠ፤ ሰው ከቤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር የሚሠራ ሆስፒታል ይድረስ አለ። እነሱም በኦፕሬሽን ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ መሥራትና ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራትን ማከም ናቸው። ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ መኪና ካገኘ የኩታበር ሰው በሁለት ሰዓቱ ውስጥ ነው። ከኩታበር ቆላ ወይም ከሳይንት ገደል ሥር በቃሬዛ ለሚወጣ ሰው ግን ሁለት ሰዓት ምን ያህል እንደምታስኬድ እናንተው ታውቃላችሁ።

አገራችን ለዚህ የመረጠችው መንገድ በጣም የሚያኮራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች ለሦስት ዓመት በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስትሬት ደረጃ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ ከከተማ የራቁ ሆስፒታሎች ውስጥ ሌሊት ተጠርተው እናትና ልጅ የሚያተርፉት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ሌላም አለ። ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ሆኖ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቁስል ማመርቀዝን ለመቀነስ ሠራ። የተደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። እጅንና የታካሚውን ቆዳ በትክክል ማጽዳት፤ ጋውኑና አልጋ ልብሱ ያልተቀደደ መሆኑን ማየት፤ መሣሪያው በእርግጥ ከጀርም መንጻቱን በምልክት ማረጋገጥ፤ አንቲባዮቲኩን ከመቆረጡ በፊት በሰዓቱ መስጠት፤ ጎዙን ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማውጣት፤ የዓለም ጤና ድርጅትን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠየቂያ ቅጽ ጮክ ብሎ ማንበብ። በዚህ ብቻ ማመርቀዙ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ በ2021 በታወቀ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ቅጹ ራሱ ቀደም ሲል በስምንት አገሮች ሲፈተን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተውን ሰው ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ አውርዶታል። አንድ ወረቀት ነው!

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ማሽኑ ሁሉ ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ሥራ የጀመረው ባለሙያው ስለተመለሰም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሜዳ እንውጣ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ካሜሩንና ኮሎምቢያ ፈረንሳይ ሊዮን ላይ ሲጫወቱ፣ ማርክ ቪቪየን ፎዬ የሚባለው የካሜሩን አማካይ ማንም ሳይነካው በ72ኛው ደቂቃ መሃል ሜዳ ላይ ወደቀ። በቃሬዛ ከሜዳ ተወሰደ፤ ሐኪሞች 45 ደቂቃ ያህል ደከሙ፤ አልተረፈም። በዘር የሚወረስ የልብ ጡንቻ ሕመም ነበረበት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2021 ኮፐንሃገን ውስጥ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን እንዲሁ ወደቀ። ዳኛው በሰከንዶች ውስጥ ሐኪሞችን ጠራ፤ አምበሉ ሲሞን ኬር ቀድሞ ደረሰ፤ ሐኪሞቹ እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን መጫን ጀመሩ፤ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው ዲፊብሪሌተር ተተኮሰ፤ ልጁ ከሜዳ ሳይወጣ ዐይኑን ገለጠ። ዓመት ሳይሞላ ወደ ኳስ ተመለሰ።

ከሁለቱ ምን እንደምንማር የሚያረጋግጥልን ሰፊ ጥናት አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከሮጡ 10.9 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ 59ኙ ልባቸው ቆመ፤ ከእነሱም 71 በመቶው ሞቱ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከ2010 እስከ 2023 ያለውን እንደገና ቆጠሩ። ልባቸው የሚቆም ሰዎች ድርሻ ያው ነበር፤ የሚሞቱት ግን ወደ 34 በመቶ ወረዱ። ሯጩ ሰው አልተለወጠም። የተለወጠው መንገድ ዳር የቆመው ሰው ነው፤ ደረት መጫን የሚያውቀው በዛ፣ ዲፊብሪሌተሩም ቀረበ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ ያስሮጣል፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሮጥም አለበት። እንዲህ ያለ ሩጫ በየከተማችን እየተለመደ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የእኛም ነው።

እንግዲህ አብረን እንሥራ። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ተንበርከኩ።

ልጁ ማንም ሳይነካው ወደቀ እንበል። ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጥሩት። አይመልስም። ደረቱን እዩ፤ አይተነፍስም፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያቃስት ዓይነት ትንፋሽ ይስባል። ያ ማቃሰት ትንፋሽ አይደለም፤ አትታለሉ። አንዱ ስልክ ይደውል። እናንተ የአንዱን እጅ መዳፍ ተረከዝ ደረቱ መሃል ላይ፣ በደረት አጥንቱ ታችኛው እኩሌታ አድርጉ። ሌላውን እጅ በላዩ። ክርናችሁ አይታጠፍ፤ ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ይሁን። አሁን በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ፤ ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ልቀቁ፣ ግን እጃችሁን አታንሱ። እንደገና። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እስካሁን በትራሱ ላይ እየሠራችሁ ከሆነ ክንዳችሁ መድከም ጀምሯል። ለዚህ ነው በየሁለት ደቂቃው ሌላ ሰው የሚተካው። «አጥንቱን እሰብራለሁ» ብላችሁ አትፍሩ፤ የጎድን አጥንት ይድናል። ልብ ከቆመና ማንም ካልደረሰ የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እናንተ ናችሁ አሁን ያላችሁት፤ አብሽሩ፣ ተጫኑ።

በእኛ ሜዳ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው «ምላሱን ዋጠ» ብሎ አፉን ለመክፈት መታገል ነው። ምላስ አይዋጥም። ጣት ወይም ማንኪያ አፉ ውስጥ በመክተት የሚያልፈው ጊዜ ልቡ የቆመበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ነው። ልብ ሲቆም ሰውነት ለጥቂት ሰከንዶች ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። መንቀጥቀጡ ሲቆም ደረቱን እዩ። ደኅና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ የማይተነፍስ ከሆነ ግን ወደ ደረቱ። ክብሪት ለሁለቱም አይረዳም፤ ውኃ በአፍ መስጠትም ሊያንቀው ይችላል።

ወጣቶች ለምን ልባቸው ይታመማል ለምትሉ ወላጆች፣ በአገራችን ትልቁ ምክንያት የቶንሲል ሕመምን ተከትሎ የሚመጣ የልብ በር በሽታ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው በሐኪም የታዘዘ አንቲባዮቲክ በወቅቱ ከወሰደ ይከላከለዋል፤ እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተጨናነቀው በአብዛኛው በዚህ በሽታ በተጎዱ ልጆች ነው። ሲሮጥ ከጓደኞቹ ይልቅ ቶሎ የሚታክተው፣ ሲጫወት ራሱን የሚስት ልጅ ካለ፣ ሳይመረመር ሜዳ አይግባ።

ወደ ስብራት ልለፍ። የእኛ ሜዳ ወጌሻ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ሆስፒታል ሳያስብ ወደ እሱ ይሄዳል። ወጌሻ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ማክበር ይገባል። ነገር ግን በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በሸንበቆ አጥብቆ ማሰር መሆኑ በተደጋጋሚ ተጽፏል። የተሰበረ ቦታ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ደሙ ይታገዳል። ስለዚህ ልጃችሁ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን በየጊዜው ንኩ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ልጁ «አንገበገበኝ» ብሎ ካለቀሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፍቱና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ነገ ድረስ አታቆዩት። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ከመጀመሪያው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል፤ ማንም አይጠምዝዘው። ከፈረስ የወደቀን ሰው በብብቱ ጎትታችሁ አታንሱ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ አንገቱ ሳይጣመም በብዙ እጅ እኩል ወደ ቃሬዛ ይነሣ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ግራ የገባው ወይም የሚያስመልሰው ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ።

ሙቀት የእኛ ደጋ ችግር ባይሆንም፣ ወደ ቆላ ወርዳችሁ የምትወዳደሩ አስቡበት። በሙቀት ራሱን የሳተን ሯጭ እዚያው በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ አጓጉዙ። በአሜሪካ ፋልማውዝ በሚባል ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ የታከሙ 274 ሰዎች ሁሉም ተርፈዋል።

በመጨረሻ ጨዋታ ለምታዘጋጁ። ዳኛና ኳስ ከማሰባችሁ ጋር ይህንም ወስኑ፤ ማን ይደውላል፣ መኪና በየት በኩል ይገባል፣ ቃሬዛው የት ይቀመጣል፣ ደረት መጫን የሚችሉት ሁለቱ እነማን ናቸው። ስማቸው ከጨዋታው በፊት በድምፅ ማጉያ ይነገር። ቀይ መስቀልን ወይም ጤና ጣቢያውን ብትጠይቁ ያሠለጥኗችኋል። የወረዳውን አምቡላንስ ግን ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ አታቁሙት፤ የመጀመሪያ ሥራው ምጥ የያዛትን እናት ማድረስ ነው። ከባጃጅ ወይም ከጭነት መኪና ባለቤት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መኪና ሙሉ ታንክ ነዳጅ ይዞ ሜዳው በር ላይ ይቁም፤ ሾፌሩም ጨዋታው እስኪያልቅ ቁልፉን ይዞ አይራቅ። የሆስፒታሉን የድንገተኛ ክፍል ስልክ እሱም ይያዘው፤ መንገድ ላይ ሆኖ ቀድሞ ይደውል፤ አልጋው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።

ትራሱን አሁን ማንሳት ትችላላችሁ።